የአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ እና የአየር ንብረት ለውጥ

የቤት ቆሻሻ ከምግብ ዝግጅት፣ ከጽዳት፣ ከሸመታና ከማገዶ ተርፎ ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ከዚህ ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነው፤ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የቡና አተላና የመሳሰለው። ይህ እርጥብ ክፍል ከሌላው ጋር ተደባልቆ በጥልቅ ሲከመር አየር ያጣል፤ አየር አጥቶ ሲበሰብስም ሚቴን የተባለውን ከባቢ አየር የሚያሞቅ ጋዝ ያመነጫል። ብረት፣ ጠርሙስና ፕላስቲክ በከተማዋ ገዢ አላቸው፤ ልጣጭና ትርፍራፊ ግን ገዢ ስለሌላቸው በቀጥታ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ አንድ ቤተሰብ ቆሻሻውን በመቀነስ በአየር ንብረት ላይ ሊያመጣ የሚችለው ለውጥ ከሁሉ በላይ የሚወሰነው በወጥ ቤቱ ነው።

ስያሜና ይዘት

በሕግና በመሥሪያ ቤቶች አነጋገር «ደረቅ ቆሻሻ» የሚባለው ፈሳሽ ያልሆነ ማንኛውም ቆሻሻ ነው። ስሙ የተሰጠው ከፍሳሽ ቆሻሻ ለመለየት ቢሆንም በመጠኑ ያሳስታል። የወጥ ቤት ጆንያ ተሸክሞ የወጣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ውስጡ ያለው በአብዛኛው እርጥብ ነው። እርጥበቱም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ቆሻሻው ለሸክም ከባድ፣ ለማቃጠል አስቸጋሪ፣ ለመበስበስም ፈጣን የሚሆነው በእርሱ ምክንያት ነው።

ይዘቱ በየወቅቱ ይለዋወጣል። በክረምት የበቆሎ እሸት ሽፋንና ቆረቆንዳ ይበዛል። በበዓል ሰሞን የዶሮ ላባ፣ የከብት ፈርስና ከወለል የተጠረገ ቄጠማ ይጨመራል። ከሰል በሚጠቀሙ ቤቶች አመድ ከፍተኛ ድርሻ አለው፤ ጫት በሚቃምባቸው ቤቶች ደግሞ ገረባው ብቻውን ፌስታል ይሞላል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክ (በተለምዶ «ሃይላንድ»)፣ ወረቀት፣ ጨርቅና የሕፃናት ዳይፐር ይገኛሉ።

ቆሻሻ አየር ንብረትን የሚለውጥበት መንገድ

አንድ የሙዝ ልጣጭ አየር በሚያገኝበት ቦታ ሲበሰብስ የሚበሉት አየር ፈላጊ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው፤ የሚወጣውም በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ነው። ይህ ካርቦን ተክሉ ከጥቂት ወራት በፊት ከአየር የወሰደው ስለሆነ በከባቢ አየር ላይ እንደ አዲስ ጭማሪ አይቆጠርም። ያው ልጣጭ በፌስታል ታስሮ ከብዙ ሜትር ክምር ሥር ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። አየር በሌለበት የሚኖሩ ሌሎች ሕዋሳት ተረክበው ካርቦኑን ወደ ሚቴን ይቀይሩታል። ከእንዲህ ዓይነት ክምር የሚወጣው ጋዝ በግምት ግማሹ ሚቴን፣ ግማሹ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ሚቴን በከባቢ አየር ውስጥ የሚቆየው ለ12 ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ በቆይታው ግን ብርቱ ነው። ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በ100 ዓመት ስሌት ወደ 27 እጥፍ፣ በ20 ዓመት ስሌት ደግሞ ወደ 80 እጥፍ ያሞቃል። ዕድሜው አጭር በመሆኑ ልቀቱ ዛሬ ቢቀንስ ውጤቱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ይታያል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህ ባሕርይ የለውም።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት መሠረት የዓለም ከተሞች እ.ኤ.አ. በ2016 ያመነጩት ደረቅ ቆሻሻ 2.01 ቢሊዮን ቶን ነበር፤ ከዚህ ቆሻሻ አያያዝ የተነሣው ልቀት ከ1.6 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ሆኖ ተገምቷል፤ ይህም የዓለም ልቀት 5 በመቶ ያህል ነው። በዚሁ ጥናት አንድ ሰው በቀን የሚያመነጨው ቆሻሻ በዓለም በአማካይ 0.74 ኪሎ ግራም፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ደግሞ 0.46 ኪሎ ግራም ነው።

ይህ ቁጥር በአንድ ቤት ሲመነዘር ጉዳዩ ቀረብ ይላል። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በአፍሪካው አማካይ ቢሰላ በቀን 2.3 ኪሎ፣ በዓመት 840 ኪሎ ገደማ ቆሻሻ ያወጣል። ከዚህ 60 በመቶው የሚበሰብስ ነው ቢባል 500 ኪሎ ይሆናል። የአየር ንብረት ለውጥ የመንግሥታት ቡድን (አይፒሲሲ) ለስሌት መነሻ በሚሰጣቸው ቁጥሮች መሠረት አንድ ኪሎ የምግብ ትርፍራፊ በጥልቅ ክምር ውስጥ ውሎ አድሮ 40 ግራም ያህል ሚቴን ይሰጣል። የቤተሰቡ የአንድ ዓመት ትርፍራፊ እንግዲህ 20 ኪሎ ሚቴን ይወጣዋል፤ ይህም በ100 ዓመት ስሌት ከግማሽ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። ከ230 ሊትር በላይ ቤንዚን ማቃጠል ከዚህ ጋር ይመጣጠናል። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ አማካዩ የገበያና የቢሮ ቆሻሻንም ስለሚጨምር የቤቱ ድርሻ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ጋዙም የሚወጣው በአንድ ዓመት ሳይሆን ለብዙ ዓመታት ተከፋፍሎ ነው። መኪና የሌለው ቤተሰብም ቢሆን በጆንያው በኩል ልቀት እንዳለው ግን ያሳያል።

ከዚህ ሌላ ምግቡ ከመጣሉ በፊት ያለፈበት መንገድ አለ። ጤፉ ሲዘራ የተጨመረው ዩሪያ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል። እህሉ በጭነት መኪና ተጓጉዟል፤ ተፈጭቷል፤ ተጋግሯል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ለተጋገረ እንጀራ የኢትዮጵያ ኃይል በአብዛኛው ከውኃ ግድብ ስለሚመጣ የመጋገሪያው ልቀት ዝቅተኛ ነው፤ በእንጨት ለተጋገረው ግን ዛፍ ተቆርጧል። እንጀራው ሲጣል ይህ ሁሉ አብሮ ይጣላል። በምርት፣ በማጓጓዝና በቤት ውስጥ የሚባክን ምግብ ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን እንደሚይዝ አይፒሲሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የመሬት ዘገባ ገልጿል።

ቆሼ

ከአዲስ አበባ ቤቶች የሚወጣው ቆሻሻ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የተከመረው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው ረጲ ነው። ቦታው በሰፊው የሚታወቀው «ቆሼ» በሚለው ስም ሲሆን ስሙ «ቆሻሻ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ሥራ ሲጀምር ከከተማው ውጭ ነበር፤ ከተማው እየሰፋ መጥቶ ከበበው። ከ30 ሄክታር በላይ የሚሸፍነው ይህ ሜዳ ከሥሩ መከላከያ ንጣፍ፣ ከላዩም የጋዝ መሰብሰቢያ ሳይኖረው ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ ተደፍቶበታል። በክምሩ ላይ ብረት፣ ፕላስቲክና የሚበላ ነገር ለቅመው የሚያድሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ በጥጉም ከጭቃና ከሸራ የተሠሩ ቤቶች ተደርድረዋል።

በ2008 ዓ.ም. ከተማው ቆሼን ለመዝጋት በሰንዳፋ አዲስ ዘመናዊ ማከማቻ ከፍቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ሽታውና ስለ ውኃቸው መበከል አቤት ብለው ተቃውሞ በማንሣታቸው ማከማቻው በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ፤ መኪናዎቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የክምሩ አንድ ወገን ተደርምሶ በሥሩ ያሉትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ከአደጋው በኋላ ክምሩን ለማረጋጋት በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራምና በጃፓን መንግሥት ድጋፍ «የፉኩኦካ ዘዴ» ተግባራዊ ሆኗል። ዘዴው በጃፓን የፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲና የፉኩኦካ ከተማ በጋራ የፈጠሩት ነው። ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች በክምሩ ውስጥ ተዘርግተው ጥቁሩን ፈሳሽ ያስወግዳሉ፤ በዚያው ቱቦ አየር በራሱ ወደ ውስጥ ይገባል። አየር የገባበት ክምር በፍጥነት ይበሰብሳል፤ ሚቴኑም ይቀንሳል። ሞተርም ሆነ ውድ መሣሪያ አለመፈለጉ ለአፍሪካ ከተሞች ተመራጭ አድርጎታል።

በዚያው በረጲ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። በአፍሪካ የመጀመሪያው የተባለው ይህ ጣቢያ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። የተቃጠለ ትርፍራፊ ሚቴን አይሆንምና ከዚህ አንጻር ጥቅም አለው። ችግሩ ቀድሞ የተጠቀሰው እርጥበት ነው፤ በውስጡ ያለው ውኃ ተኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱን ይበላዋል። እንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች የተስፋፉባቸው የአውሮፓ ከተሞች ቆሻሻ ወረቀትና ፕላስቲክ የበዛበት፣ ደረቅ ያለ ነው። በቤት ውስጥ እርጥቡን ከደረቁ መለየት ስለዚህ ለኮምፖስት ብቻ ሳይሆን ለምድጃውም ይጠቅማል።

ከገንዳው በፊት፤ ቆራሌውና ምን አለሽ ተራ

«መልሶ መጠቀም» የሚለው ሐረግ በመሥሪያ ቤቶች ከመለመዱ ከብዙ ጊዜ በፊት በአዲስ አበባ ሰፈሮች የሚሠራ የቆየ ሥርዓት ነበረ። ማዳበሪያ በትከሻው አንጠልጥሎ እየጮኸ የሚዞረው «ቆራሌው» ስሙን ያገኘው ከጥሪው ነው፤ «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው በችኮላ ሲነገር «ቆራሌው» ሆነ። ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ፣ የተሰበረ ፕላስቲክ፣ የተቃጠለ ምጣድ ይገዛል። ሌላው «ልዋጭ» ነው፤ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ በምትኩ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። (ማዳበሪያ ሲባል እዚህ ላይ ጆንያው ነው። ዩሪያና ዳፕ ይዞ የመጣው ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ጆንያ የያዘውን ዕቃ ስም ወርሶ ቀርቷል፤ ራሱም ከአንድ ጊዜ በላይ ከሚያገለግሉ ዕቃዎች አንዱ ነው።)

የተሰበሰበው በመርካቶ ወደሚገኘው ምን አለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ይሆናል። የቀረው ብረት ለማቅለጫ ፋብሪካ፣ ፕላስቲኩም ለፈጪዎች ይሸጣል። ጥቅሙ ከገቢ ያልፋል፤ አሮጌ አሉሚኒየምን አቅልጦ እንደገና መሥራት ከማዕድን አዲስ ከማውጣት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ባዶውን ያልመለሰ መያዣ ይከፍላል፤ ጠርሙሱም ታጥቦ ብዙ ጊዜ ይሞላል። ለስላሳ በፕላስቲክ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ይህ ልማድ በየሱቁ እየሳሳ መጥቷል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዕቃው ዋጋ ስላለው ነው። ለቆራሌው የሽንኩርት ልጣጭ የሚያቀርብለት የለም። የቀረውን ሁሉ የሚወስዱት በማኅበር የተደራጁ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ቤት ለቤት ዞረው በጆንያና በእጅ ጋሪ ወደ ገንዳው ያደርሳሉ፤ ከገንዳው ወዲያ መኪናው ይረከባል። ነዋሪው የአገልግሎቱን ክፍያ ከውኃ ቢል ጋር ይከፍላል። ክፍያው የሚሰላው በውኃ ፍጆታ እንጂ በጆንያ ብዛት ባለመሆኑ አንድ ጆንያ የሚያወጣና አምስት ጆንያ የሚያወጣ ቤት እኩል ሊከፍሉ ይችላሉ። ቆሻሻ ለሚቀንስ ቤተሰብ ከገንዘብ በኩል የሚመለስለት ነገር የለም ማለት ነው።

እንጀራ፣ በዓልና ትርፍ ምግብ

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በሱቅ፣ በምግብ ቤትና በመኖሪያ ቤት ባክኗል። 60 በመቶው የባከነው በመኖሪያ ቤት ሲሆን በአማካይ በአንድ ሰው 79 ኪሎ ግራም በዓመት ይደርሳል። የዘገባው አስገራሚ ክፍል በሀብታምና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ቤተሰቦች መካከል ያለው ልዩነት 7 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ምግብ ማባከን የሀብታም ችግር ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ በዚህ ተናግቷል።

በኢትዮጵያ ቤት ከሁሉ በፊት ሊተርፍ የሚችለው እንጀራ ነው። እንጀራ ተጋግሮ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ መሻገት ይጀምራል። ትኩሱን በፌስታል መጠቅለል ሻጋታውን ያፋጥነዋል፤ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ተመልሶ ያረጥበዋልና። ሞሰብ ከሣር የተሰፋ በመሆኑ እርጥበቱን ያስወጣል፤ ከሱቅ በፌስታል የሚገዛውን እንጀራ ቤት ሲደርስ አውጥቶ ማናፈስም ተመሳሳይ ጥቅም አለው። ከመሻገቱ በፊት የደረቀው ፍርፍር ይሆናል። የበዛው በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሽ በደረቅ ቦታ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ለመንገደኛ ስንቅ ነው፤ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶችም በሻንጣ ይላካል። የሻገተ እንጀራ ግን ሻጋታው ተፍቆ ወይም ፀሐይ ላይ ደርቆ መበላት የለበትም፤ ለከብትም አይሰጥም፤ መርዙ በሙቀት አይጠፋም።

ጾምና ፍስክ የሚፈራረቁበት ቤት የራሱ የሆነ ፈተና አለው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ያልተበላ የሥጋ ወጥ ለማግሥቱ አይሆንም። ባለሙያ እናቶች ይህን አስልተው ያበስላሉ፤ የተረፈውም ለጎረቤት ወይም ለየኔ ቢጤ ይሰጣል። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ያቆየዋል፤ የሌለው ወይም መብራት የሚጠፋበት ቤት ይደፋዋል። ከሆቴሎችና ከምግብ ቤቶች የሚተርፈው ምግብ ደግሞ «ቡሌ» በሚል ስም ለድሆች ሲሸጥ የኖረ ነው። ያው ከተማ በአንድ ወገን ምግብ ወደ ገንዳ እየጣለ በሌላው ወገን ሰው ትርፍራፊ የሚገዛበት መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል።

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት አተላው ለከብት መኖ ይሆናል። ልጣጭና የጎመን ቅጠል በግ ለሚያረባ ጎረቤት ይሰጣል። ግቢ ባላቸው አሮጌ ሰፈሮች ይህ ልማድ አሁንም አለ፤ በኮንዶሚኒየም ግን የሚቀበል በግ የለም። የበግ ቆዳም ዕጣ ተመሳሳይ ነው። ቀድሞ የበዓል ዕለት «ቆዳ ያለው!» የሚል ነጋዴ በየበሩ ይሻማበት ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ዋጋው በመውደቁ ብዙ ቆዳ በየሜዳው ሲጣል ታይቷል። ዋጋ ሲወድቅ የትናንቱ ሸቀጥ የዛሬ ቆሻሻ ይሆናል።

ኮምፖስት በቤት ውስጥ

የማይበላው ልጣጭ የሚሄድበት ከሁሉ የተሻለ ቦታ አየር የሚያገኝ ክምር ነው። ኮምፖስት የሚባለው በዚህ መንገድ የበሰበሰ ጥቁርና የሚፈረፈር አፈር መሰል ነገር ነው። ግቢ ያለው ቤት ዝናብ በማይተኛበት ጥላ ሥር ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ከፍታ ያለው ክምር ይሠራል። ከታች ጭራሮ ይነጠፋል፤ አየር በሥሩ እንዲገባ ነው። ከላዩ እርጥቡና ደረቁ በየተራ ይደረደራሉ፤ ለአንድ እጅ ልጣጭ ሁለት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ይበቃል። የቡና አተላና የእንቁላል ቅርፊት ይገባል። የከሰል አመድ በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ሲበዛ አፈሩን ያበላሻል። ሥጋ፣ አጥንትና ቅቤ የበዛበት ወጥ አይጥና ውሻ ስለሚጠሩ አይጨመሩም።

እርጥበቱ የሚለካው በእጅ ነው። ተጨብጦ ጠብታ ሁለት ጠብታ ካወጣ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ ውኃ በዝቶበታል፤ ከተበተነ ጠምቶታል። በየሳምንቱ በአካፋ መገለባበጥ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ክምሩም ከቆላው ይልቅ ይዘገያል። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ መጠበቅ የተለመደ ነው። ክምሩ ከሸተተ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፤ አየር አጥቷል። ደረቅ ነገር ጨምሮ መገልበጥ ሽታውን ያጠፋዋል፤ ሽታው ሲጠፋም ሚቴኑ አብሮ ይቀንሳል።

በፎቅ የሚኖር ሰው ጎኑና ሥሩ የተበሳ አሮጌ የቀለም ባልዲ በረንዳ ላይ አስቀምጦ በትንሹ ሊያደርገው ይችላል። እውነቱን ለመናገር ግን የአምስት ሰው ቤተሰብን ልጣጭ አንድ ባልዲ አይችለውም። በኮንዶሚኒየም ሥራው የሚሳካው የሕንፃው ነዋሪዎች በጋራ ግቢያቸው አንድ ቦታ ለይተው፣ አንድ ሰው ቀጥረው ሲሠሩት ነው። ውጤቱን የሚወስድ አይጠፋም፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረው የሌማት ትሩፋት ንቅናቄ ወዲህ በጓሮና በአጥር ጥግ አትክልት የሚያለሙ ቤቶች በዝተዋል፤ ኮምፖስት የጨመረ ሰውም በዚያው ልክ ዩሪያ ይቀንሳል። ከብት ላላቸው የገጠር ቤቶች ደግሞ ሌላ አማራጭ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከእበት የሚወጣው ሚቴን በጉድጓድ ተይዞ ለምድጃ ይውላል።

ፌስታልና እሳት

ፕላስቲክ ሲቀበር ሚቴን አይሰጥም፤ አይበሰብስምና። በአየር ንብረት ላይ ያለው ጉዳት ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ ሲመረትና በመጨረሻም ሲቃጠል ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ልቀት 3.4 በመቶው ከፕላስቲክ የሕይወት ዑደት እንደመጣ አስልቷል። በአዲስ አበባ ቆሻሻ ሰብሳቢው በዘገየ ቀን ፌስታልን ከቅጠል ጋር በአጥር ሥር ማቃጠል የተለመደ ነው። ይህ ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው። ዝቅ ባለ ሙቀት የሚነድ ፕላስቲክ ዳዮክሲንን የመሰሉ መርዞችና ጥቀርሻ ይለቃል፤ ጥቀርሻው ራሱ ፀሐይን ስቦ አየርን ያሞቃል፤ ጭሱንም በቅድሚያ የሚምገው ያቃጠለው ቤት ነው። በክረምት ደግሞ ፌስታል የመንገድ ቱቦዎችን ይደፍናል። የአየር ንብረት ለውጥ ብርቱ ዝናብን እያበዛ ሲሄድ በተደፈነ ቱቦ የሚመጣው ጎርፍ አብሮ ይብሳል።

በየካቲት 1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ለማምረትና ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደነገገ። ይኸው አዋጅ የቤተሰብ ኃላፊ እንደገና ሊያገለግል የሚችለውን ቆሻሻ ከሚጣለው እንዲለይ ያስገድድ ነበር፤ ይህ አንቀጽ ግን በተግባር እምብዛም አልታየም። ለይቶ ያወጣውም ቤት ሁለቱ ጆንያ በአንድ ገንዳ ሲገለበጡ ይመለከት ነበርና መለየቱን ይተዋል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ፌስታልን በጠቅላላው የሚከለክልና በተጠቃሚው ላይም ቅጣት የሚጥል ነው። ዘንቢል ወደ ገበያ ይዞ መሄድ በአንድ ትውልድ ውስጥ የተረሳ ልማድ በመሆኑ እናቶቻቸውን ያዩ ሰዎች እንደ አዲስ መማር አያስፈልጋቸውም።

የሌሎች ከተሞች ልምድ

ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የምግብ ትርፍን መሬት ውስጥ መቅበር ከለከለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ቤተሰቦች ለሚጥሉት የምግብ ትርፍ በመጠኑ ልክ እንዲከፍሉ አደረገች። የተሰበሰበው ወደ መኖ፣ ወደ ኮምፖስትና ወደ ባዮጋዝ ይሄዳል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ መልሳ የምትጠቀመው የምግብ ትርፍ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ዛሬ አብዛኛውን ትጠቀምበታለች። ለለውጡ ዋና ምክንያት የሚባለው ክፍያው ከጆንያው ጋር መታሰሩ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. ከጥር 2015 ጀምሮ የምግብ ትርፍን ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣል ተከልክሏል። እያንዳንዱ ቤት ለምግብና ለቅጠል ብቻ የሚሆን የተለየ ገንዳ አለው፤ የተረፈ እንጀራና የሽንኩርት ልጣጭም በዚያ ገብቶ ኮምፖስት ይሆናል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሥራ ላይ ባዋለው ሕግ ተመሳሳይ ግዴታ በመላው ግዛት ደንግጓል፤ በሕጉ መግቢያ የተጠቀሰው ምክንያትም ከቆሻሻ ማከማቻዎች የሚወጣውን ሚቴን መቀነስ ነው።